ካፊያ ሲጀምር ወደቅኩ፤ እናንተ መንገድ ላይ ምኑን ነው የምትፈሩት?

ቁልቁለት_ፈሪ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ወደቅኩ። ክርኔ ተላጧል፣ ዳሌዬ ጠቁሯል፣ ሌላው ደህና ነው። ብስክሌቱ ከእኔ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠብ አላለም ነበር። ከሥራ ስወጣ ካፊያ ጀመረ። ካፊያ ስላችሁ ፊት ላይ እንኳ በደንብ የማይሰማ። አስፋልቱ ገና ግማሹ ደረቅ ነው። ሁልጊዜ የምታጠፍበት ኩርባ ላይ ስደርስ እንደ ወትሮው ዘንበል አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በጎኔ ተኝቼ አስፋልቱን ሳየው ነው። ፍሬን አልያዝኩም። ፍጥነቴም ከ20 አይበልጥም። የፊት ጎማው ዝም ብሎ ከሥሬ ሄደ።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? እዚያው ኩርባ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዶፍ ስንቴ አልፌያለሁ። አንድም ቀን ሸርተት አላልኩም። ኩርባው ላይ ነጭ የመንገድ ቀለም አለ፤ ጥፋተኛው እሱ ይመስለኛል። እናንተስ አየሩ ሲለዋወጥ ምኑን ነው የምትፈሩት?

ብረት_ፈረስ ጻፈ፦

እንኳን ተረፍክ ልጄ። ክርን ይድናል። ትከሻ ቢሆን ነበር ጉዱ።

ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ከወደቅኩባቸው ቀኖች በዶፍ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ዝናብ ሲጀምር ነው፣ ወይም ካባራ በኋላ። መንገድ ደርቆ በሰነበተ ቁጥር ብዙ ነገር ይጠራቀምበታል። የሞተር ዘይት ጠብታ አለ፣ ከመኪና ጎማ የሚራገፍ የላስቲክ ብናኝ አለ፣ ጥቀርሻና አቧራ አለ። ደረቅ ሳለ ምንም አይልህም። ትንሽ ውሃ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ዝናቡ ከበረታ ጠርጎ ይወስደዋል። ካልበረታ ግን እዚያው ያቦካዋል።

ስለዚህ በዶፍ አልፌ ነበር ያልከው አይገርመኝም። ያኔ የታጠበ መንገድ ላይ ነበርክ። ትናንት ያገኘህ የሦስት ሳምንት ቅባት ነው። እኔ ካፊያ ሲጀምር ከቻልኩ ጥግ ይዤ ጠንከር እስኪል እጠብቃለሁ። ሰው ዝናቡ እስኪያልፍ ሲጠብቅ እኔ እስኪበረታ እጠብቃለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። ካልቻልኩ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ጀማሪ ነው የምነዳው። በተለይ መኪና ቆሞ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ተጠንቀቅ፤ መብራት ጋ፣ አደባባይ መግቢያ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ጋ።

ዶፍ_ምንም_አይለኝ ጻፈ፦

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ትንታኔ ምን ያደርጋል? ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ ነው የወደቀው። ጥርስ ያለው ጎማ አድርግ፣ ውሃውን ይገፋልሃል፣ አለቀ። የመኪና ጎማ ላይ ቦይ የሚወጣው ለጌጥ አይደለም።

ቁልቁለት_ፈሪ ጻፈ፦

ጎማዬ አራት ወር አልሞላውም ባክህ። ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለስላሳ፣ የንፋስ ግፊቱ 6.5 ባር።

ስሌት_ወዳጅ ጻፈ፦

ዶፍ፣ ስለ መኪና ያልከው ልክ ነው። ብስክሌት ላይ ግን አይሠራም። መኪና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ጎማው ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ፍጥነቱም ትልቅ ስለሆነ ነው። የብስክሌት ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ጠባብና ሾጣጣ ነው፣ እንደ ታንኳ አፍንጫ። ውሃውን ራሱ ሰንጥቆ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ናሳ የአውሮፕላን ጎማ ሲያጠና ያወጣው ቀላል ቀመር አለ። ጎማ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከውስጡ ካለው የንፋስ ግፊት ጋር ይያያዛል። በዚያ ቀመር 2.2 ባር የተሞላ የመኪና ጎማ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። 4 ባር የተሞላ ጎማ ደግሞ 127 ገደማ ላይ። በብስክሌት 127 ከገባህ ስለ ጎማ ጥርስ አይደለም የምናወራው።

ጥርስ የሚጠቅመው ጭቃና ላላ ያለ አፈር ላይ ነው፤ መሬቱን ቆፍሮ ይይዛል። አስፋልት አይቆፈርም። እዚያ ላይ ጥርስ መሬት የሚነካውን ላስቲክ ይቀንስብሃል እንጂ አይጨምርልህም።

አሁን ወደ ኩርባው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5.6 ሜትር ነው። ኩርባው 10 ሜትር ራዲየስ አለው እንበል። ያንን ለመዞር ጎማህ የክብደትህን 31 በመቶ የሚያህል ኃይል በጎን መሸከም አለበት። ደረቅ አስፋልት 70 እና 80 በመቶ ይሸከማል፤ ስለዚህ ምንም አይሰማህም። እርጥብ ግን ንጹሕ አስፋልት 40 ወይም 50 ይሰጥሃል፤ ለዚህ ነው በዶፍ ያለፍከው። ቅባት የቦካበት አስፋልት ወይም የረጠበ ብረት ከ31 በታች ከወረደ አለቀልህ። ደግሞ አስተውል፤ በ25 ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልግህ 49 በመቶ ነበር። በ5 ኪሎ ሜትር ብቻ! ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው።

ግፊቱም በዝቷል። ክብደትህን አላውቅም፣ ግን ለእርጥብ መንገድ ቢያንስ ግማሽ ባር ብትቀንስ ጎማው አስፋልቱን ሰፋ አድርጎ ይይዘዋል። 4 ባር ላይ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት አውራ ጣት በላቸው። በእሱ ላይ ነው ሕይወታችንን የጫንነው።

ዶፍ_ምንም_አይለኝ ጻፈ፦

እሺ ፕሮፌሰር። ግን እኔ ጥርስ ባለው ጎማ ወድቄ አላውቅም።

ስሌት_ወዳጅ ጻፈ፦

ገና ነህ 😄

ጤዛ ጻፈ፦

ጋሽ ብረት_ፈረስ ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ያለሁበት ግን ደጋ ነው፣ የምፈራውም ሌላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዝናብ የለ ምን የለ፣ መንገዱ ደግሞ በረዶ ለብሶ ይጠብቀኛል። ነጭ በረዶ ቢሆንማ ባየሁት። ይሄኛው እንደ መስታወት ስስ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር አስፋልት ስለሚታይ እርጥብ መንገድ ነው የሚመስለው።

ሰው የሚሸወደው የአየሩን ሙቀት አይቶ ነው። ስልኩ 3 ዲግሪ ይላል፤ እሱ ከዜሮ በላይ ነው ብሎ ይወጣል። ግን ደመና በሌለበት ሌሊት መንገዱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ስለሚያድር ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ 3 ሆኖ አስፋልቱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በተለይ ድልድይ። ሌላው መንገድ ከሥሩ የመሬት ሙቀት አለው፤ ድልድይ ግን ከላይም ከታችም ንፋስ ነው የሚመታው፣ ቀድሞ ይረጋል። ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ጥላ ነው። አንድ ግንብ አለ፣ ፀሐይ እስከ ረፋድ አትደርስበትም። ሁሉም መንገድ ደርቆ እሱ ጋ ብቻ በረዶ ይቆየኛል።

በስሌት_ወዳጅ ሒሳብ ካየነው በረዶ 10 በመቶ ቢሸከም ነው አይደል? ያንኑ ኩርባ በስንት ልዙረው?

ስሌት_ወዳጅ ጻፈ፦

በ11 ኪሎ ሜትር ጫፉ ላይ ነሽ። እኔ ብሆን ወርጄ እገፋው ነበር። ለማቆምም ያው ነው። በ25 እየነዳሽ ፍሬን ብትይዢ ንጹሕ እርጥብ አስፋልት ላይ በ6 ሜትር ገደማ ትቆሚያለሽ። በረዶ ላይ ወደ 25 ሜትር ይደርሳል። አይተሽ እጅሽ እስኪታዘዝ የምትሄጂው 7 ሜትር አልተቆጠረም።

ጤዛ ጻፈ፦

አዎ፣ እገፋዋለሁ። ብርዱ በሚጠናበት ወቅት ግን ጥቃቅን የብረት ሹሎች የተተከሉበት ጎማ አስገባለሁ። ሹላቸው ከቱንግስተን ካርባይድ ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ከባድ ነው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ያንቋቋል። ግን በእሱ በረዶ ላይ መዞር ይቻላል።

በረዶው ከሟሟ በኋላም ሥራው አያልቅም። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ያብጣል፣ አስፋልቱን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ሲሟሟ ባዶ ይተወዋል። ከዚያ መኪና ሲረግጠው ይሰምጣል። ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ዛሬ አለ።

ቸርኬ ጻፈ፦

ሰላም። እኔ ብስክሌት እጠግናለሁ፤ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከእኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ትንሽ ልበል።

ስለ ግፊት የተባለውን በግማሽ ነው የምስማማው። ቀንሱ ሲባል ሰው ያበዛዋል። ጠባብ ጎማ ላይ ንፋስ ካነሰ ጉድጓድ ሲመታ የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይነከሳል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይዞ ከመጣ ወዲያው አውቀዋለሁ። ዝናብ ላይ ደግሞ ጉድጓዱን ውሃ ሸፍኖታል፤ አታየውም። የሚሻለው መጀመሪያውኑ ሰፋ ያለ ጎማ ማድረግ ነው። ብስክሌቱ ባለ 32 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ከሆነ አስገባና ንፋሱን ቀንስ። ያኔ ሁለቱንም ታገኛለህ።

ፍሬን ላይ ግን ሁላችሁም ዝም ብላችኋል። ቸርኬውን የሚነክስ ፍሬን ያለው ሰው ዝናብ ላይ ሲጨብጥ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም። ላስቲኩ ውሃውን ከቸርኬው ላይ እየጠረገ ነው። ጎማው ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ በድንገት ይይዛል። ሰውዬው ደግሞ አልያዘም ብሎ ይበልጥ ጨብጦታል! የፊት ጎማው ይቆልፍና ከድጡ ወደ ማጡ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማቆም ከምትፈልግበት ቦታ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ አስነካው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ያዘው። ዲስክ ፍሬን ይሄ ችግር ያን ያህል የለበትም።

እና ኩርባ ውስጥ ሆነህ አትያዝ። ከመግባትህ በፊት ጨርስ። የኋላው ጎማ ቢሸራተት ብዙ ጊዜ ትመልሰዋለህ። የፊተኛው ከሄደ ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዝናብ በኋላ የተበሳ ጎማ ይበዛብኛል። ጎርፉ ስብርባሪ ጠርሙሱን ጠርጎ ብስክሌት የሚሄድበት ዳር ላይ ያከማቸዋል። እርጥብ ላስቲክ ደግሞ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ውሃው ለመስታወቱ እንደ ቅባት ነው። ቤት ስትገቡ ጎማውን በጨርቅ አብሱትና እያዞራችሁ እዩት። ሁለት ደቂቃ ነው።

አዲስ_ጀማሪ ጻፈ፦

እኔ ገና ወር አልሞላኝም፣ ይሄን ሳነብ ብስክሌቱን ልሸጠው ነው። የእኔ መንገድ የባቡር ሐዲድ ያቋርጣል። መንገዱ ሐዲዱን ቀጥ ብሎ አያቋርጥም፣ ሰያፍ ነው። ደረቅ ሲሆን እንኳ ልቤ ይመታል። ዝናብ ሲሆን ምን ላድርግ?

ብረት_ፈረስ ጻፈ፦

አትሽጠው። ልብህ መምታቱ ጥሩ ነው፤ የማይመታለት ነው የሚወድቀው።

ሐዲድ ሁለት ጠላት ነው። አንዱ ብረቱ ነው፣ ሲረጥብ ያሙለጨልጫል። ሁለተኛው ከብረቱ ጎን ያለው ቦይ ነው። ጎማህ እዚያ ውስጥ ከገባ መሪው አይታዘዝህም፣ ብስክሌት ደግሞ መሪው ካልዞረ አይቆምም። ስለዚህ የምታቋርጠው በተቻለ መጠን በ90 ዲግሪ ይሁን። ከ60 አይውረድ። መንገዱ ሰያፍ ከሆነ አንተ ቀድመህ ወደ ውጭ ወጣ ብለህ ታጠፍና ቀጥ ብለህ ግባ። ወጣ ከማለትህ በፊት ግን ዞር ብለህ ኋላህን እይ! ሐዲድ ሸሽቶ መኪና ሥር መግባት አለ። ከኋላ መኪና ካለ ቆመህ አሳልፈው፣ ማንም አያባርርህም። ብረቱ ላይ ስትሆን ፍሬን የለም፣ መታጠፍ የለም፣ ፔዳል መርገጥ የለም። ከኮርቻው ትንሽ ተነሥተህ ጉልበትህን አላላና ዝም ብለህ ተንከባለል።

ይኸው ሕግ ለብረት ሁሉ ይሠራል። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ ቁፋሮ የሚሸፈንበት የብረት ሳህን፣ የድልድይ መጋጠሚያ። ቀጥ ብለህ እለፍባቸው። ፍርግርግ ካየህ ደግሞ ዘንጎቹ ወደየት እንደተዘረጉ አስተውል፤ ከአካሄድህ ጋር ከገጠሙ ጎማህን ይውጡታል።

የወደቀ ቅጠልም አትናቀው። እርጥብ ቅጠል ራሱ ድጥ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ደግሞ አታይም። የቆመ ውሃም እንደዚያው። እኔ ጥልቀቱን የማላውቀው ውሃ ውስጥ አልገባም። መኪና ስለመጣ ብቻ አስገድዶ የሚያስገባኝ የለም፤ ቀድሜ መሀል መንገዱን እይዛለሁ። ይሰድቡኛል፣ ይስደቡኝ።

አዲስ_ጀማሪ ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ነገ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ሐዲዱን ደጋግሜ እለማመዳለሁ።

ጠራራ ጻፈ፦

ሁላችሁም ብርድና ዝናብ ትላላችሁ፤ የእኔ ጠላት ፀሐይ ናት። አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው አስፋልት 55 እና ከዚያ በላይ ይገባል። ያኔ ሬንጁ ይለሰልስና ወደ ላይ ይወጣል። ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ላዩ የተወለወለ ጥቁር ይሆናል። በደረቁ ይጣበቅብሃል፣ ጎማህ ቻ ቻ እያለ ጠጠር ይለቅማል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጥቶ ዝናብ ሲያወርድበት ግን ጠጠር የሌለው ለስላሳ ነገር ነው የሚቀርህ። ዶፍ እንኳ አያጥበውም፤ ቅባት አይደለማ፣ መንገዱ ራሱ ነው።

ቁልቁለት_ፈሪ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የወደቅክበትን ቦታ ተመልሰህ አይተኸዋል? ቀለም ነው ያልከው ከግምት ነው ወይስ አይተህ? ስንጥቅ ለመድፈን ሬንጅ የሚያፈሱበት መስመር አለ፣ እንደ ጥቁር እባብ የሚጠማዘዝ። አስፋልቱ ሲረጥብ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ ጨርሶ አይለይም። እኔን ሁለት ጊዜ የጣለኝ እሱ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ስረግም ነበር። ቀለም ነጭ ስለሆነ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ለዚህ ነው ሁሌ እሱ የሚከሰሰው።

ዶፍ_ምንም_አይለኝ ጻፈ፦

የመንገድ ቀለምም ቢሆን ያዳልጣል እኮ። እኔ በእግሬ ዜብራ ላይ ወድቄ አውቃለሁ።

ጠራራ ጻፈ፦

ያዳልጣል፣ ማን ካደ። በእግርህም ከወደቅክ ጥርስ ያለው ጫማ አድርግ 😂

ቁልቁለት_ፈሪ ጻፈ፦

ዛሬ ፀሐይ ስለነበር ከሥራ ስመለስ በእግሬ ኩርባው ጋ ሄድኩ። አሥር ደቂቃ አጎንብሼ አስፋልት ሳይ ሰው ገንዘብ የጠፋኝ መስሎት አብሮኝ መፈለግ ጀመረ።

ነጩ ቀለም ከወደቅኩበት በኋላ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። አልደረስኩበትም ማለት ነው። የፔዳሌ ጭረት አስፋልቱ ላይ አለ፣ እሱን ተከትዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጭረቱ የሚጀምርበት ቦታ አጠገብ የመዳፍ ስፋት ያለው የሬንጅ መስመር ኩርባውን ተከትሎ ይሄዳል። በጣቴ ነካሁት። ልስልስ ነው፣ አንድም ጠጠር የለበትም። ስንጥቁ ባለፈው የዝናብ ወቅት አልነበረም፤ ቢያንስ አልተደፈነም ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ብረት_ፈረስም ልክ ናቸው፣ ጠራራም ልክ ነህ። ካፊያው አርጥቦታል፣ ቅባቱም ነበር፣ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ዘንበል ብዬ ገባሁ። ከመስመሩ በስተ ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል ደህና አስፋልት አለ። በየቀኑ እያለፍኩ አላየሁትም።

ስሌት_ወዳጅ ጻፈ፦

ግፊቱስ?

ቁልቁለት_ፈሪ ጻፈ፦

5.5 አደረግኩት። 32 ጎማ ይገባል ወይ የሚለውን ደግሞ ለክቼ እነግራችኋለሁ። ከፓራፋንጎው ጋር የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ነው።

ቸርኬ ጻፈ፦

ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው በየጎኑ። ከዚያ ካነሰ አታስገባ፤ ጭቃና ጠጠር ገብቶ ጎማውን ይይዝብሃል።

ብረት_ፈረስ ጻፈ፦

ክርንህስ እንዴት ሆነ?

ቁልቁለት_ፈሪ ጻፈ፦

ደርቋል ጋሼ፣ አሁን ማሳከክ ጀምሯል። ነገ ከሰዓት ካፊያ ይኖራል ይላሉ። በአውቶቡስ ነኝ።